ዋየርጋርድ ከተርሚናል፦ አዘረጋጉ፣ አሠራሩና የሚያጋጥሙት ችግሮች

ዋየርጋርድ በኮምፒውተሮች መካከል የሚያልፈውን የኔትወርክ ትራፊክ እየመሰጠረ የሚያስተላልፍ ቪፒኤን ነው። የጻፈው ጄሰን ዶነንፌልድ ነው፤ አሠራሩን የዘረዘረበትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ኤንዲኤስኤስ በተባለው የኔትወርክ ደኅንነት ጉባኤ አቀረበ። በማርች 2020 መጨረሻ ከወጣው ሊኑክስ 5.6 ጀምሮ ደግሞ ሶፍትዌሩ የከርነሉ፣ ማለትም የሥርዓተ ክወናው እምብርት፣ አካል ሆነ፤ ሌላው ሥርዓተ ክወና ኦፕንቢኤስዲም በዚያው ዓመት በ6.8 እትሙ ተቀበለው። የመጀመሪያው የሊኑክስ ኮድ ከ4,000 መስመር ያነሰ ነበር፤ አንድ ባለሙያ ተቀምጦ ከዳር እስከ ዳር ሊያነበው የሚችል መጠን ነው። ለዊንዶውስ፣ ለማክ፣ ለአንድሮይድና ለአይፎን መተግበሪያ አለው፤ እዚህ የሚዳሰሰው ግን ሊኑክስ ላይ ከተርሚናል የሚዋቀርበት መንገድ ነው። ትእዛዞቹ ሲተየቡ በላቲን ትንንሽ ፊደላት ናቸው።

ከሌሎቹ የቪፒኤን ዓይነቶች፣ ከኦፕንቪፒኤንና ከአይፒሴክ፣ ዋናው ልዩነቱ የምስጠራ ምርጫ አለመስጠቱ ነው። በእነዚያ ሁለቱ ወገኖች በየትኛው ስልተ ቀመር እንደሚመሳጠሩ ይደራደራሉ፤ አንዱ ያለው ሌላው ከሌለው አይግባቡም፣ ያረጀ ስልተ ቀመር ሳይዘጋ ከቀረ ደግሞ ቀዳዳ ይሆናል። ዋየርጋርድ ሁልጊዜ ቁልፍ የሚለዋወጠው በከርቭ25519 ነው፤ ፓኬቱን (በኔትወርክ የሚላከውን ቁራሽ መረጃ) የሚመሰጥረውና እንዳልተነካካ የሚያረጋግጠው በቻቻ20 እና በፖሊ1305፣ ሃሽ (የመረጃ አጭር አሻራ) የሚሠራው በብሌክ2ኤስ ነው። አንዱ ላይ ድክመት ቢገኝ መፍትሔው ሁሉም ወገን አዲስ እትም መጫን ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት አስተዳዳሪው ምስጠራውን አበላሽቶ የሚያዋቅርበት ዕድል እምብዛም የለም። ሰውን የሚያደክመው ራውቲንጉ፣ ማለትም ፓኬት የሚሄድበትን መንገድ መወሰኑና፣ ስህተት ሲፈጠር ሶፍትዌሩ ዝም ማለቱ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከቁልፍ ነው። ዋየርጋርድ ቱልስ የተባለው ጥቅል ከተጫነ በኋላ መጀመሪያ ዩማስክ 077 ይተየባል፤ ያለዚያ የቁልፉን ፋይል ሌላ የኮምፒውተሩ ተጠቃሚ ሊያነበው ይችላል። የጥቅሉ ዋና ትእዛዝ ደብሊውጂ ነው፦ ደብሊውጂ ጄንኪ የግል ቁልፍ ያወጣል፤ ያንን ወደ ደብሊውጂ ፐብኪ ማስገባት ይፋዊውን ቁልፍ ይሰጣል። እያንዳንዱ ቁልፍ 32 ባይት ነው፤ በቤዝ64 ሲጻፍ 44 ምልክት ይሆናል፣ የመጨረሻው ምልክት የእኩል ይሆናል ምልክት ነው። ሲገለበጥ ብዙ ጊዜ የሚቀረው እሱው ነው፤ ያኔ ደብሊውጂ የቁልፉ ርዝመት ወይም ቅርጽ ትክክል አይደለም ብሎ ይመልሳል። ሶፍትዌሩ ስህተትን በግልጽ ከሚናገርባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። የግል ቁልፍ ከተፈጠረበት ማሽን መውጣት የለበትም፤ የሁሉንም ሰው ቁልፍ ሰርቨር ላይ አመንጭቶ በቴሌግራም መላክ ቀላል ቢመስልም የቴሌግራም አካውንቱ የተሰረቀ ቀን ቪፒኤኑም አብሮ ይሄዳል።

ቀጥሎ ኢንተርፌሱ፣ ማለትም ቪፒኤኑ የሚያልፍበት ምናባዊ የኔትወርክ ካርድ፣ ይፈጠራል። በእጅ ሲሠራ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ አይፒ ሊንክ አድ በሚለው ትእዛዝ ዓይነቱ ዋየርጋርድ የሆነ ደብሊውጂ0 የሚባል ኢንተርፌስ ይፈጠራል፤ በአይፒ አድረስ አድ ለምሳሌ 10.8.0.1/24 (/24 ማለት ከ10.8.0.0 እስከ 10.8.0.255 ያለው ክልል ነው) ይሰጠዋል፤ በደብሊውጂ ሴት የግል ቁልፉ፣ የሚያዳምጥበት ፖርትና የሌላው ወገን ይፋዊ ቁልፍ ይገባሉ፤ በመጨረሻ በአይፒ ሊንክ ሴት አፕ ይነሳል። ፖርቱ በልማድ 51820 ነው፣ ሁልጊዜም ዩዲፒ፣ ማለትም ከቲሲፒ የተለየው የመላኪያ ዘዴ። በዚህ መንገድ የሠራ ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ፦ ደብሊውጂ የራውቲንግ ሰንጠረዡን አይነካም። ከ10.8.0.0/24 ውጭ የሆነ አድራሻ በታነሉ (በተመሰጠረው መስመር) እንዲሄድ ከተፈለገ በአይፒ ራውት አድ ለብቻው መጨመር አለበት።

ብዙ ሰው የሚጠቀመው ግን ደብሊውጂ ኩዊክን ነው፤ ይህን ሁሉ፣ ራውቱንም ጨምሮ፣ ከአንድ ፋይል አንብቦ ይሠራል። ፋይሉ ኢቲሲ ውስጥ ባለው ዋየርጋርድ ማህደር ይቀመጣል፤ ስሙ የኢንተርፌሱ ስም ስለሚሆን ከ15 ፊደል መብለጥ አይችልም። ኢንተርፌስ የሚለው ክፍል የራስን የግል ቁልፍ፣ አድራሻና ፖርት ይይዛል፤ ፒር የሚለው ክፍል የሌላውን ወገን ይፋዊ ቁልፍ፣ የሚገኝበትን አድራሻ ማለትም ኢንድፖይንቱንና አላውድ አይፒስን ይይዛል። ጀማሪ እዚህ ቁልፍ ያምታታል። በተለይ የራሱን ይፋዊ ቁልፍ በራሱ ፋይል ፒር ክፍል ውስጥ ካስገባ ከርነሉ ያንን ፒር ያለ ምንም መልእክት ይዘለዋል፤ ደብሊውጂ ሾው ሲታይ ፒሩ ጭራሽ የለም። ሌላው ወጥመድ ሴቭ ኮንፊግ ነው፦ ይህ መስመር በርቶ ሳለ ፋይሉን በእጅ አርሞ ኢንተርፌሱን ያወረደ ሰው እርማቱ ይጠፋበታል፤ ሲወርድ ማሽኑ በሥራ ላይ የነበረውን መልሶ ይጽፍበታልና።

የዋየርጋርድ እምብርት አላውድ አይፒስ ነው። ስሙ ፈቃድ ብቻ የሚሰጥ ያስመስለዋል፤ ሁለት ሥራ ግን ይሠራል። ወደ ውጭ ሲላክ፣ መድረሻው የትኛው ፒር ክልል ውስጥ እንደሚወድቅ ተመልክቶ ፓኬቱን በዚያ ፒር ቁልፍ ይመሰጥራል። ከውጭ ሲገባ፣ የተፈታው ፓኬት የላኪ አድራሻ ለዚያ ፒር የተመደበ መሆኑን ያያል፤ ካልሆነ ይጥለዋል። ስለዚህ አንድ የአድራሻ ክልል በአንድ ጊዜ የሁለት ፒሮች ሊሆን አይችልም። ሰርቨር ላይ ሁለት ስልኮች ተመዝግበው ለሁለቱም 10.8.0.0/24 ተጽፏል እንበል። ፋይሉ ሲነበብ ክልሉ መጀመሪያ ለአንደኛው ስልክ ይሰጣል፣ ከዚያ ሁለተኛው ሲመጣ ይነጥቀዋል። ደብሊውጂ ሾው ላይ የአንደኛው ስልክ አላውድ አይፒስ ምንም የለም ይላል። ሃንድሼኩ (ሁለቱ ወገኖች ቁልፍ የሚለዋወጡበት መተዋወቂያ) ግን ይሳካል! ስልኩ ላይ ቪፒኤኑ የተገናኘ ይመስላል፣ አንድም ገጽ አይከፈትም። ትክክለኛው ሰርቨሩ ላይ ለእያንዳንዱ ስልክ የየራሱን ነጠላ አድራሻ መስጠት ነው፦ ለአንዱ 10.8.0.2/32፣ ለሌላው 10.8.0.3/32።

ስልኩ ወይም ላፕቶፑ በኩል ደግሞ የሚጻፈው እንደ ዓላማው ይለያያል። የቢሮን ፋይል ሰርቨር ብቻ ማግኘት ለሚፈልግ 10.8.0.0/24 ይበቃል፤ ዩቲዩቡ በተለመደው መስመር ይሂድ። ሁሉም ትራፊክ በታነሉ እንዲያልፍ ከተፈለገ 0.0.0.0/0 ይጻፋል፣ ከእሱም ጋር የአይፒ ስሪት 6 አቻው ::/0። ሁለተኛው ከተረሳና ኔትወርኩ ስሪት 6 ካለው በስሪት 6 የሚሄደው ትራፊክ ሳይመሰጠር በጎን ይወጣል። ሁሉንም ወደ ታነል መላክ ሌላ እንቆቅልሽ ያመጣል፤ የተመሰጠረው ፓኬት ራሱ ተመልሶ ወደ ታነሉ እንዳይገባ ምን ያግደዋል? ደብሊውጂ ኩዊክ የተመሰጠሩትን ፓኬቶች በ51820 ምልክት አድርጎባቸው በዋናው የራውቲንግ ሰንጠረዥ ያሳልፋቸዋል፤ ምልክት የሌላቸውን ግን ወደ ታነሉ በሚወስድ ሌላ ሰንጠረዥ ይልካቸዋል። በእጅ የሚያዋቅር ሰው ለሰርቨሩ እውነተኛ አድራሻ በዋናው ጌትዌይ በኩል የተለየ ራውት ማስገባት አለበት፤ ያን ካልሠራ ኢንተርፌሱ በተነሳበት ቅጽበት ኢንተርኔቱ ይቋረጣል።

በፕሮቶኮሉ ውስጥ ሰርቨርና ክላየንት የሚባል ልዩነት የለም፣ ሁሉም ፒር ነው። በተግባር ሰርቨር የምንለው ቋሚ አድራሻ ያለውንና የሌሎቹን ትራፊክ የሚያስተላልፈውን ነው። ለማስተላለፍ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፦ አይፒ ፎርዋርድ የሚባለው የከርነል ቅንብር 1 መሆን፣ እና ወደ ኢንተርኔት በሚወጣው ካርድ ላይ የማስከሬድ ደንብ፣ ማለትም የውስጡን አድራሻ በሰርቨሩ አድራሻ የሚተካ፣ በኤንኤፍቴብልስ ወይም በአይፒቴብልስ መኖር። ሃንድሼኩ ተሳክቶ፣ 10.8.0.1 ለፒንግ መልስ እየሰጠ፣ ውጭው ግን የማይደረስ ከሆነ መፈተሽ ያለበት ይህ ነው። ሰርቨሩ ከክላውድ አቅራቢ የተከራየ ከሆነ የአቅራቢው ፋየርዎል ለብቻው መከፈት አለበት፣ ያውም በዩዲፒ። ቲሲፒ 51820ን ከፍተው ለምን አልሠራም የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው።

አሁን ወደ ዝምታው። ዋየርጋርድ ቁልፉን ለማያውቅ ፓኬት ምንም መልስ አይሰጥም፤ ፖርቱን በቴልኔት ወይም በኤንማፕ የሚፈትሽ ሰው ሰርቨሩ ሞቷል ሊል ይችላል። ለደኅንነት ጥሩ ነው፣ ችግር ለሚፈልግ ግን ራስ ምታት ነው። መነሻው ደብሊውጂ ሾው የሚያሳየው የመጨረሻው ሃንድሼክ ሰዓትና የተላከና የተቀበለ መጠን ነው። ትራፊክ ካለ ሃንድሼኩ በየ2 ደቂቃው ይታደሳል፤ እየተጠቀሙበት ከ3 ደቂቃ በላይ ካስቆጠረ ግንኙነቱ የለም ማለት ነው። ምንም ካልተላከ ግን ሰዓቱ ቢያረጅ ጤነኛ ነው።

የተቀበለው 0፣ የላከው 1.16 ኪቢ የሚል መስመር ታየ እንበል። የሃንድሼክ መክፈቻ ፓኬት ሁልጊዜ 148 ባይት ነው፤ 8 ሲባዛ በ148፣ 1,184 ባይት ይሆናል፣ ያ በ1,024 ሲካፈል 1.16 ኪቢ (ኪቢባይት) ነው። ማሽኑ በየ5 ሰከንዱ ገደማ 8 ጊዜ አንኳኩቶ መልስ አጥቷል። ያኔ ሰርቨሩ ላይ የሚያልፉትን ፓኬቶች የሚያሳየው ቲሲፒደምፕ በዩዲፒ ፖርት 51820 ይከፈታል። ባለ 148ቱ ፓኬት ካልታየ ችግሩ መንገድ ላይ ነው፦ ፋየርዎል፣ የተሳሳተ ፖርት ወይም አድራሻ። ፓኬቱ እየገባ ባለ 92 ባይቱ መልስ ካልወጣ ጥፋቱ በአብዛኛው ቁልፍ ነው። ፒንግ የሚሰጣቸው ሁለት መልእክቶችም ይረዳሉ፦ ሪኳየርድ ኪ ኖት አቬይለብል ካለ ለዚያ አድራሻ የተመደበ ፒር የለም፤ ዴስቲኔሽን አድረስ ሪኳየርድ ካለ ፒሩ አለ፣ ኢንድፖይንቱ ግን አይታወቅም።

ሰዓት የሚያመጣው ችግር ለመገመት ከባድ ነው። መክፈቻው ፓኬት የጊዜ ማህተም ይይዛል፤ የተቀዳ ፓኬት መልሶ እንዳይላክ ሰርቨሩ ከዚያ ፒር ካየው የመጨረሻ ማህተም ያነሰውን ይጥላል። ራስበሪ ፓይን የመሰለ፣ የሰዓት ባትሪ የሌለው ማሽን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰዓቱ ወደኋላ ሊቀር ይችላል፤ ያኔ ቁልፉም ፖርቱም ትክክል ሆኖ ሃንድሼኩ አይሳካም። ዋየርጋርድ ከመነሳቱ በፊት ሰዓቱ በኤንቲፒ እንዲስተካከል ማድረግ ያድናል፤ ለጊዜው ግን ሰርቨሩ ላይ ፒሩን አጥፍቶ መልሶ ማስገባት ማህተሙን ያስረሳዋል።

ፒንግ እየሠራ፣ በኤስኤስኤች ከርቀት ወደ ሰርቨሩ መግባት እየተቻለ፣ ትልቅ ገጽ ወይም ረጅም የፋይል ዝርዝር ሲመጣ ሁሉም ነገር ቀጥ ካለ ምክንያቱ ኤምቲዩ፣ ማለትም አንድ ፓኬት ሊደርስ የሚችለው ከፍተኛ መጠን፣ ነው። ዋየርጋርድ በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ 32 ባይት ይጨምራል፤ የዩዲፒው 8 እና የአይፒው ራስጌ፣ በስሪት 4 20፣ በስሪት 6 40 ባይት፣ ሲደመሩ እስከ 80 ይደርሳል። የተለመደው መስመር ኤምቲዩ 1,500 ሲቀነስ 80፣ 1,420 ይሆናል፤ የተለመደው የኢንተርፌሱ ኤምቲዩ ይህ ነው። የቤቱ መስመር ፒፒፒኦኢ የተባለው ዓይነት ከሆነ 8 ባይት ስለሚወስድ 1,412 ይሆናል። ለመለካት ፒንግ እንዳይከፋፈል ተደርጎ በ1,392 ባይት ይላካል፤ 28ቱ የራስጌ ሲጨመርበት 1,420 ነው። ካላለፈ መጠኑን እየቀነሱ መሞከር ነው። መለካት የሰለቸው ሰው 1,280 ቢያደርገው ትንሽ ፍጥነት ያጣል እንጂ አይቸገርም።

የሞባይል ዳታና አብዛኛው የቤት ዋይፋይ ከኤንኤቲ ጀርባ ነው (ራውተሩ ብዙ መሣሪያዎችን በአንድ አድራሻ ያወጣል)፤ ትራፊክ ሲቋረጥ ራውተሩ በሩን ይዘጋዋል፣ ከሰርቨሩ ወደ ስልኩ የሚመጣም አያልፍም። ፐርሲስተንት ኪፕአላይቭ 25 በሚል መስመር በየ25 ሰከንዱ ባዶ ፓኬት እንዲላክ ይደረጋል። ከኤንኤቲ ጀርባ ባለው ወገን ብቻ ማስገባት ይበቃል፤ ወደ ውስጥ የሚገባ ግንኙነት የማይጠበቅበት ስልክ ላይ ደግሞ ባትሪ ከመጨረስ ሌላ ጥቅም የለውም። ኢንድፖይንቱ በዶሜይን ስም ከተጻፈ ስሙ የሚፈታው ኢንተርፌሱ ሲነሳ አንዴ ብቻ ነው፤ የሰርቨሩ አድራሻ ከተቀየረ ታነሉ አሮጌውን እያንኳኳ ይቀራል። ለዚህ ከቱልሶቹ ጋር ሪሪዞልቭ ዲኤንኤስ የተባለ ስክሪፕት አለ፣ በክሮን (ትእዛዝን በሰዓቱ በሚያስኬደው) በየደቂቃው ማስኬድ ይቻላል።

ዋየርጋርድ ይዘቱን ይመሰጥራል እንጂ ዋየርጋርድ መሆኑን አይሸሽግም። የፓኬቱ የመጀመሪያ ባይት ከ1 እስከ 4 ያለ ቁጥር ነው፣ የሚከተሉት ሦስቱ ዜሮ ናቸው፤ ፓኬት የሚመረምር መሣሪያ በቀላሉ ለይቶ ሊያግደው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 ከፌብሩዋሪ እስከ ጁላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ተገድበው በነበረ ጊዜ ቪፒኤን የየቤቱ ቃል ሆኖ ነበር፤ ለእንዲህ ያለ እገዳ የተሠሩ ሌሎች መሣሪያዎች አሉ፣ ዋየርጋርድ ከእነሱ አይመደብም። ዱባይና አቡዳቢ ያሉ አንባቢዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የኤምሬትስ የሳይበር ሕግ ወንጀል ለመፈጸም ወይም ለመሸሸግ የአይፒ አድራሻን መደበቅ ከ500,000 ድርሃም በማያንስ ገንዘብ እንደሚያስቀጣ ይወቁ። ዩዲፒ በተዘጋበት የሆቴል ዋይፋይም አይሠራም። አንድ አገልግሎት ብቻ ለመድረስ ለሚፈልግ ሰው የኤስኤስኤች ፖርት ማስተላለፊያ ይበቃል፤ የራሱን ማሽን የሩት (የአስተዳዳሪ) ፈቃድ እንኳ አይጠይቅም።

አዲስ ፒር ለመጨመር ኢንተርፌሱን ማውረድና ማንሳት አያስፈልግም፤ ደብሊውጂ ኩዊክ ስትሪፕ ያጸዳውን ፋይል ለደብሊውጂ ሲንክኮንፍ መስጠት ሌሎቹን ሳያቋርጥ ለውጡን ያስገባል። ስልክ ከጠፋ በደብሊውጂ ሴት የዚያ ፒር ይፋዊ ቁልፍ ተጠቅሶ ሪሙቭ ይባላል፤ ወዲያው ይቆረጣል። ከፋይሉም መሰረዝ አለበት፤ ያለዚያ ሰርቨሩ ሪስታርት ባደረገ ቀን የጠፋው ስልክ ተመልሶ ይገባል።