«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ»

ይህችን አባባል የማይጠቅስ የእድር ዳኛ አላጋጠመኝም። ድንኳን ሊገዛ ሲታሰብ ወይም መዋጮ ሲጨመር ትነሳለች፤ ሰሚውም «ሸክም ተካፈሉ» ብቻ የምትል ይመስለዋል። እኔ ግን ቁም ነገሯ ሁለተኛው ሐረግ ላይ ነው ባይ ነኝ። «ለሃምሳ ሰው ቀላሉ» አላለችም፤ «ጌጡ» ነው ያለችው።

ለምን ሎሚ? ድንች ቢሆን ኖሮ ሃምሳ ሰው አንድ አንድ ቢይዘው ይቀላል እንጂ ማንም አያጌጥበትም። ሎሚ ግን በጥምቀት ጎረምሳው በመዳፉ እያገላበጠ የሚዞራት፣ ዓይኑ ላረፈባት ልጅ የሚወረውራት ናት። አንዷ ለያዣዋ ሞገስ ናት፤ ሽታዋም ከእጅ ቶሎ አይለቅም። ሃምሳዋን ግን በነጠላ ቋጥረህ ብቻህን ተሸከማት! ገበያ ሳትደርስ አንዷ አምልጣ ትንከባለላለች፣ እሷን ለማንሳት ስትጎነበስ ሌሎቹ ይከተሏታል።

የሠራተኛ ማኅበር ነገር ሲነሳ ሰው ሁሉ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል። ድሩ የሚያወራው ስለ ጠብ ነው፤ የሚታሰር አንበሳ አለ። ሎሚዋ ማንንም አታስርም፤ ለእኔ እሷ ትሻለኛለች። ደመወዝ እንዲጨመርለት ብቻውን የአለቃውን በር የሚያንኳኳ ሠራተኛ ሃምሳውንም ሎሚ ተሸክሞ ነው የሚገባው፤ የቤት ኪራዩን፣ የልጆቹን እንጀራ፣ «ይሄ ሰውዬ ያስቸግራል» መባሉን። ያንኑ ጥያቄ ማኅበሩ በኅብረት ስምምነት ድርድር ላይ ሲያነሳው የእያንዳንዱ ድርሻ አንዲት ሎሚ ትሆናለች። ፔይሮሉ ላይም ትታያለች፦ ከሥራ ግብሩና ከ7 በመቶው የጡረታ መዋጮ አጠገብ «የማኅበር መዋጮ» የምትል ትንሽ ቁጥር። ሠራተኛው ከጠየቀ እሷን ቆርጦ ለማኅበሩ ማስገባት የአሠሪው ግዴታ ነው።

ሎሚ መከፋፈሉ ራሱ የሚያስከስስ ከሆነስ? ፖለቲካው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሕግ ሳያውቃቸው በፊት ሠራተኞች በእድርና በመረዳጃ ስም ይሰባሰቡ ነበር፤ አባባሏም ፋብሪካ የገባችው በዚያው በር ሳይሆን አይቀርም። በ1955 ዓ.ም. የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሠራተኞች ማኅበር ተመሠረተ፤ ኢትዮጵያም ስለ መደራጀት ነፃነት የሚደነግገውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 87 በዚያው ዓመት አጸደቀች። 11 ዓመት ቆይቶ፣ በየካቲት 1966፣ ያው ማኅበር አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። መቼም መንግሥት ሲፈቅድ ይህን አስቦ አልነበረም።

ዛሬ መብቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ሰፍሯል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል ይላል፤ የማኅበር አባል ሆነሃል ብሎ ማባረርንም ይከለክላል። አባባሏ ሃምሳ ትጠይቃለች፣ ሕጉ በአሥር ይረካል።

የመንግሥት ሠራተኛው ግን በሌላ አዋጅ ነው የሚተዳደረው። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራዋ ልጅም ከአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ውጭ ናት። ለእሷስ አሥር ባልደረባ ከየት ይመጣል? በቤቱ ያለችው ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ እሷው ብቻ ናት፤ የጎረቤቷን ሠራተኛ የምታገኛት ወፍጮ ቤት ተራ ስትጠብቅ ነው፣ ያውም እህሉ እስኪፈጭ።