«በመኪና ነው የመጣሁት»፦ ስለ ጠላቂና ስለ አብራሪ የሚነገሩ ስሕተቶች

አንዱ ሽቅብ ሌላው ቁልቁል ስለሚሄድ ብቻ፣ ትንሽ አውሮፕላን ማብረርና በስኩባ፣ ማለትም በጀርባ በሚታዘል የመተንፈሻ መሣሪያ፣ ባሕር ውስጥ መጥለቅ ምንም አያገናኛቸውም ብለው የሚከራከሩኝ ሰዎች ደብረ ብርሃን በገባሁ ቁጥር አይጠፉም። ሁለቱንም ተምሬአለሁና መልሴ አጭር ነው፤ አብራሪውም ጠላቂውም ሰውነታቸውን ይዘው የሚገቡት ግፊቱ በሚለዋወጥ ቦታ ነው፣ የጥንቃቄ ሕጋቸውም በአብዛኛው ከዚያ ይቀዳል።

ጠላቂ የሚያዝለው ሲሊንደር ኦክስጅን ነው ይባላል። ብዙውን ጊዜ ተጣርቶ የታመቀ ተራ አየር ነው፤ ንጹሕ ኦክስጅንማ ከ6 ሜትር ገደማ በታች መርዝ ይሆናል። ሞተሩ የጠፋ ትንሽ አውሮፕላን እንደ ድንጋይ ይወድቃል የሚለውም ተረት ነው፤ ሴስና 172 የተባለው ትንሽ አውሮፕላን ከ1,000 ሜትር ከፍታ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ይንሸራተታል።

«እኛ የደጋ ልጆች ከፍታ አይበግረንም» የሚለው ኩራት ጥቂት እውነት አለበት፣ ሰውነት ከፍታን ይለምዳልና። ይሁን እንጂ የአሜሪካ የአቪዬሽን ደንብ ከ3,800 ሜትር ገደማ በላይ ከ30 ደቂቃ በላይ የሚቆይን አብራሪ ኦክስጅን እንዲጠቀም ሲያዝ የትውልድ ቀዬውን አይጠይቅም። የኦክስጅን እጥረት ክፋቱ ሕመም አለመምሰሉ ነው፤ ሰውየው ጠጅ እንደ ቀመሰ ልቡ ይሞላል፣ ስሕተቱም አይታየውም። ጠላቂንም 30 ሜትር ገደማ ሲያልፍ በሚተነፍሰው አየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ልክ እንደዚያው ያሰክረዋል።

አንጀቴን የሚያሳርረው ግን «ከመጥለቅ በኋላ የተከለከለው አውሮፕላን ነው፤ በመኪና ምን ችግር አለው?» የሚለው ነው። እርግጥ ነው፣ የተለመደው ምክር አንድ ጊዜ የጠለቀ ቢያንስ 12፣ ደጋግሞ የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆይ እንዳይበር ነው። ምክንያቱ ግን በጥልቀት ሳለ ደምና ሥጋ ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን፣ ግፊቱ ቶሎ ሲቀንስ ክዳኑ እንደተከፈተ ለስላሳ አረፋ ስለሚሠራ ነው፤ አረፋው ደግሞ ባለቤቱ በምን እንደተሳፈረ አያውቅም። በመንገደኞች አውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊት ቢያንስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው እንዳያንስ ይጠበቃል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ጣርማ በር ከ3,000 ያልፋል። ስለዚህ ከጅቡቲ በሚሌና በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ እኛ የሚወጣ ጠላቂ፣ የሚደርስበት ግፊት አውሮፕላን ውስጥ ከሚያገኘው ያነሰ ነው። ያላመነኝ ሰው ሸዋ ሮቢት ላይ ግማሹን የጠጣውን ሃይላንድ ክዳኑን አጥብቆ ጣርማ በር ዋሻ አፍ ላይ ይንካው፤ ጎኑ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ያገኘዋል።

አንድ ጓደኛዬ ሁለት ቀን ሙሉ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ሲጠልቅ ውሎ በዚያው ምሽት ጉዞ ጀመረ። ደብረ ሲናን አልፎ ዳገቱን ሲያጋምስ ግራ ትከሻው ውስጥ ውስጡን ይጠዘጥዘው ገባ። ቤት ሲደርስ «ብርድ ነው» ተባለና ቅቤ ተቀብቶ ታሸ፣ ጋቢ ደራርቦም ተኛ። በማግስቱ የሻይ ብርጭቆውን በግራ እጁ ማንሣት ሲያቅተው ደወለልኝ። «ጠልቀህ ነበር ወይ ብሎ የጠየቀህ አለ?» አልኩት። ማንም አልጠየቀውም፣ እሱም አልተናገረም። ሐኪም ቤት ኦክስጅን ሲሰጠው ሕመሙ ጋብ አለለት፤ ጣቶቹ ግን ለሳምንታት እንደ ደነዘዙ ቆዩ።

ወደ ደጋ የሚመለስ ጠላቂ እንግዲህ ባሕሩ አጠገብ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይረፍ፤ ደጋግሞ ከጠለቀ ከዚያም ይጨምር። ዳገት ላይ መገጣጠሚያው ከጠዘጠዘው ወይም እጅ እግሩ ከደነዘዘ ዳገቱን አይቀጥል፣ ወደ ቆላው ይመለስ፤ መታሸቱን ትቶ ኦክስጅን ወዳለበት ሐኪም ቤት ይሂድ። ኦክስጅን ዋናውን ሕክምና፣ ማለትም ታማሚው ገብቶ ግፊቱ እንደገና ከፍ የሚደረግበትን ዝግ ክፍል አይተካም፤ ጊዜ ግን ይገዛል። ለሐኪሙም ከሁሉ አስቀድሞ መጥለቁን ይንገረው፤ ደጋ ከተማ የሚሠራ ሐኪም፣ ጋቢ ለብሶ የመጣው ታማሚ ትናንት ባሕር ውስጥ እንደ ነበር በምን ይገምታል?