ልማታዊ ሴፍቲኔት በገጠር ኢትዮጵያ

ልማታዊ ሴፍቲኔት ዝናብ ጣለም ቀረም በየዓመቱ የምግብ ክፍተት የሚገጥማቸውን የገጠር ቤተሰቦች የሚደግፍ የመንግሥት ፕሮግራም ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው በ1995ቱ ድርቅ ማግስት ነው፤ ያኔ ከ13 ሚሊዮን የማያንስ ሰው እርዳታ ጠባቂ ሆኖ ነበር። ቀድሞ የነበረው አሠራር ድርቁ ከገባ በኋላ እርዳታ መለመን ነበር። ስንዴው ከወደብ ተነሥቶ እስኪደርስ ገበሬው ፍየሉንም በሬውንም ሸጦ ይጨርስና በቀጣዩ ክረምት የሚያርስበት ያጣል። ሴፍቲኔት ድጋፉን አስቀድሞ የታወቀና ለዓመታት የሚዘልቅ ለማድረግ ታስቦ የተነደፈ ነው። የሚመራው በግብርና ሚኒስቴር ሲሆን፣ ከበጀቱ ትልቁን ድርሻ የሚሸፍኑት የዓለም ባንክና ሌሎች ለጋሾች ናቸው። በ5 ሚሊዮን ገደማ ተጠቃሚ ጀምሮ በኋላ 8 ሚሊዮን ገደማ ደርሷል።

የፕሮግራሙ ከባዱ ሥራ ተጠቃሚዎች ለድጋፉ ምላሽ የሚሠሩት እርከን ሳይሆን የሚደገፉትን ለይቶ ስም መያዝ ነው። የተጠቃሚዎች ቁጥር ኮታ ከላይ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳም ወደ ቀበሌ ይወርዳል፤ ሰው የሚመረጠው ግን ከታች ነው። ከነዋሪው የተውጣጣ የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ባለፉት 3 ዓመታት በየዓመቱ 3 ወርና ከዚያ በላይ ምግብ የሚያጥራቸውን ቤተሰቦች ይለያል፤ ዝርዝሩ በስብሰባ ይነበባል፤ ቀረሁ ያለ ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያመለክታል። ችግሩ ድሃው ከኮታው ሲበዛ ነው። መራጮቹ በማግስቱ በእድርም በለቅሶም የሚገናኙ ጎረቤታሞች ስለሆኑ ማንንም ላለማስቀየም 5 ነፍስ ካለው ቤት 2 ብቻ ጽፈው የቀረውን ለሌላው ያካፍላሉ። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ቢታሰብ፣ 75 ኪሎ የሚገባው ቤት 30 ኪሎ ይዞ ይመለሳል። በኋላ የወጣው መመሪያ የቤተሰቡ አባላት በሙሉ እስከ 5 ሰው ድረስ እንዲመዘገቡ ያዛል፤ ማካፈሉ ግን ይህ ነው በሚባል ደረጃ አልቆመም።

መሥራት የሚችል ሰው ያለበት ቤት፣ የእርሻ ሥራ በሚቀዘቅዝባቸው 6 ወራት፣ ለእያንዳንዱ የተመዘገበ አባል በወር 5 ቀን የልማት ሥራ ይሠራል። የሕፃናቱንና የአረጋውያኑን ቀን የሚሸፍኑት አዋቂዎቹ ናቸው፤ ጫናው እንዳይበዛ አንድ ሰው በወር ከ15 ቀን እንዳያልፍ ተወስኗል። ጉልበትም ጧሪም የሌላቸው አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ሳይሠሩ ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ነፍሰ ጡርና አራስ ሴቶች ደግሞ ለጊዜው ከሥራው ወጥተው ክፍያው ይቀጥልላቸዋል፤ ሥራ መሪው የእርግዝናውን ወር አጥብቆ ካልጠየቀ ግን ድንጋይ ስትሸከም የምትገኝ አትጠፋም።

ሥራው እርከን፣ እንዲያገግም ከከብት የተከለለ ተራራ፣ ኩሬ፣ መጋቢ መንገድ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተፋሰሱ አናት ወደ ታች መሆን አለበት። ኩሬው ቀድሞ ከተቆፈረ ከላይ የሚወርደው ደለል በጥቂት ክረምት ይሞላዋል። እርከኑም ደረጃው በውሃ ልክ ካልተያዘ ጎርፉ ዝቅ ባለው ቦታ ተጠራቅሞ ይበረግደውና ቦረቦር ይፈጥራል። የተከለለ ተራራ ሣሩን ማን እንደሚያጭደው ካልተስማሙበት ደግሞ ሌሊት ከብት ይገባበታል።

ክፍያው በገንዘብ ወይም በእህል ነው። መጀመሪያ የቀን ክፍያው 6 ብር ነበር፤ በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲንር 8 ብር ቢደርስም ገበያውን ሊከተል ስላልቻለ ብዙው ተጠቃሚ እህሉን መረጠ። ከመጠኑ ይልቅ የሚያማርረው ግን መዘግየቱ ነው። የሥራ ቀን መቆጣጠሪያው ከቀበሌ ወደ ወረዳ ሄዶ፣ ተጣርቶ፣ ገንዘቡ እስኪለቀቅ ወራት ያልፋሉ፤ እስከዚያ ቤተሰቡ በአራጣ ይበደራል፣ ክፍያው ሲመጣ ለአበዳሪው ይሄዳል።

ሀብት ያፈራ ቤት «ይመረቃል»፤ ማለትም ከመዝገብ ይወጣል። እዚህም ኮታ ስለሚወርድ ሳይደርስ የሚመረቅ አለ። ይህን የሚያውቅ ገበሬ ቆጠራ ሲመጣ ጥጃውን ዘመድ ቤት ያሳድራል።