ነጭ አይጥ እርባታ በአዲስ አበባ ዳርቻ

አይጥ ይረባል ሲባል ብዙ ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። አይፈረድበትም። እኛ አይጥን የምናውቃት ጎተራ ስትበሳና ልብስ ስትቆርጥ ነው። የሚረባው ግን ከጣሪያ ስር የምትሮጠው አይደለችም። ብዙ ትውልድ በሰው እጅ ያደገ፣ ለማዳ የሆነ አይጠ መጎጥ ወይም ትንሿ ነጭ አይጥ ነው። እዚህ አገር እንስሳውን በደንብ የሚያውቁት የምርምር ቤቶች ናቸው፤ ለምሳሌ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመድኃኒት ዕፅዋትን የሚፈትሸው በነጭ አይጥ ነው። በቤት የሚረባው ደግሞ ለሌላ እንስሳ ምግብ ይሆናል፤ ለእባብ፣ ለጉጉት፣ ለጭልፊት።

እንደ ዶሮ እርባታ የተለመደ ሥራ አይደለም። ቦታም ይፈልጋል። ሽንቱ ስለሚሸት ለኮንዶሚኒየም አይመችም፤ ለገጣፎ፣ ሱሉልታ ወይም ሰበታ በኩል ግቢና ትርፍ ክፍል ላለው ሰው ይሻላል።

ማራባቱ ቀላል ነው። ከባዱ መግታቱ ነው። ሴቷ አይጠ መጎጥ የምታረግዘው ከ21 እስከ 23 ቀን ብቻ ሲሆን በአንድ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ትወልዳለች። በወለደች በ24 ሰዓት ውስጥ ወንዱ አጠገቧ ካለ እንደገና ታረግዛለች፤ ያኔ የወለደቻቸውን እያጠባች ሌሎች በሆዷ ተሸክማ ትከርማለች፣ እናቲቱ ከስታ የምታልቀውም በዚህ ነው። ስለዚህ ሆዷ ሲገፋ ወንዱን ማውጣት ግድ ነው። ግልገሎቹ በ3 ሳምንታቸው ጡት ይተዋሉ። 5 ሳምንት ሳይሞላቸው ወንድና ሴት መለየት አለባቸው፣ አለዚያ ወንድምና እህት እርስ በርስ ይራባሉ። ሴቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንድ ጋር ብትገናኝ ጥሩ የሚሆነው 3 ወይም 4 ወር ሲሞላት ነው። አንድ እባብ ለያዘ ሰው አንድ ወንድና ሁለት ሴት ይበቃሉ፤ ከዚያ በላይ የሚይዝ ሰው የት እንደሚያደርሳቸው አስቀድሞ ይወቅ።

ቤታቸው ከሽቦ መረብ ቢሠራ ጥሩ ነው፣ እንጨትማ በልተው ይወጣሉ፤ ጥርሳቸው ዕድሜ ልኩን ያድጋል። የቆርቆሮ ቤት ፈተና አለው። ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይበርዳል። አይጥ እንደ ሰው በላብ አትቀዘቅዝም፣ ከ30 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይጎዳታል። በኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ የሱሉልታ ውርጭ ፀጉር ያላወጣውን ግልገል በአንድ ሌሊት ይገድለዋል። ጣሪያው ኮርኒስ ቢኖረው፣ እናቲቱም ጎጆ የምትሠራበት በቂ ጭድና የተቀደደ ወረቀት ብታገኝ ይህ ሁሉ ይቀላል።

ስለ ንጣፉ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ። ከእንጨት ቤት በርካሽ የሚገኘው ሰጋቱራ አብዛኛውን ጊዜ የምን እንጨት እንደሆነ አይታወቅም። የጥድ ከሆነ አይሆንም። ያ ለእኛ ደስ የሚለን የጥድ ሽታ የአይጥን ሳንባና ጉበት ይጎዳል። ባሕር ዛፍም ሽታው ጠንካራ ነው፣ ይቅር። ጭድና ካርቶን ይበቃል፤ ዋናው ቶሎ ቶሎ መቀየሩ ነው። ከሽንቱ የሚወጣው አሞኒያ የተባለ የሚሰነፍጥ ጋዝ ሲጠራቀም አይጦቹ ያስነጥሳሉ፣ ቆይተውም በደረታቸው ማፏጨት ይጀምራሉ፣ በዓይናቸውና በአፍንጫቸው ዙሪያም ቀይ ፈሳሽ ይታያል። ሳንባ የሚይዘው በሽታ አንዴ ከገባ ከመንጋው አይወጣም።

መኖው አያስቸግርም፤ ፉርሽካ፣ የተከካ በቆሎ፣ ምስርና ትንሽ የኑግ ፋጉሎ ይቀላቀላል፣ ለምታጠባ እናት እንቁላል ይጨመራል። የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ካልሲየሙ ስለሚበዛ ዋና ምግብ አይሁን። የሻገተ በቆሎና ለውዝ ግን ፈጽሞ አይሰጥ። አይጥ ማስመለስ አትችልም፣ የበላችው መርዝ እዚያው ይቀራል።

አይጡን ከነነፍሱ ለእባብ መስጠት ለሁለቱም ክፉ ነው። የፈራ አይጥ እባቡን ነክሶ ያቆስለዋል። ከነነፍሱ ፍሪዘር ውስጥ መክተትም ጭካኔ ነው። ፈጣን አገዳደሉን ከእንስሳት ሐኪም ቆሞ አይቶ መማር ያስፈልጋል፣ ይህን የማይችል ሰው ሥራውን ባይጀምር ይሻላል። ከዚያ በኋላ ፍሪዘር ይገባል። መብራት ጠፍቶ የቀለጠውን መልሶ ማቀዝቀዝ አይገባም፣ ይቀበር። ለእባቡ የሚሰጠው አይጥ ውፍረት ከእባቡ ወፍራም የሰውነት ክፍል ብዙ መብለጥ የለበትም።

የዱር አይጥ ይዞ ከእነዚህ ጋር መቀላቀል አደገኛ ነው። በሽንቷ ሌፕቶስፓይሮሲስ የተባለውን ጉበትና ኩላሊት የሚጎዳ በሽታ፣ በኩሷም ሳልሞኔላ የተባለውን ተቅማጥ የሚያስይዝ ባክቴሪያ ልታመጣ ትችላለች። የሚያጸዳው ሰው ጓንት ያድርግ፣ ሕፃናት ኩሱን አይንኩ።

በመጨረሻ ሕጉ አለ። ነጩ አይጥ ለማዳ ነው፤ እሱን የሚበላው እባብ ወይም ጉጉት ግን የዱር እንስሳ ነው፣ በሕግ መሠረትም ያለ ፈቃድ አይያዝም። ክንፏ የተሰበረ ጉጉት በግቢው ያገኘ ሰው አይጥ ፍለጋ ከመውጣቱ በፊት ለኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ይደውል።