የልደት ክብደት ምንድን ነው?

ሐዋሳ ውስጥ አራስ ጥየቃ የገባ ሰው ገንፎው እስኪቀርብ አይታገስም። «ስንት ኪሎ ተወለደ?» ይላል። ሦስት ተኩል ከተባለ ቤቱ በደስታ ይሞላል። ሁለት ከምናምን ከሆነ «አይዞሽ፣ ሲጠባ ይሞላል» ይባልና ወሬው ይቀየራል። ጥያቄው ግን የዋዛ አይደለም።

የልደት ክብደት ሕፃኑ እንደተወለደ፣ ቢቻል በመጀመሪያው ሰዓት የሚመዘነው ነው። ከ2,500 ግራም በታች ዝቅተኛ ይባላል። ከ4,000 ግራም ካለፈ ደግሞ ከልክ ያለፈ ትልቅ ነው። ትንሽ ሆኖ የሚወለድ ልጅ ወይ ቀኑ ሳይደርስ መጥቷል፣ ወይ ቀኑን ጠብቆ ማህፀን ውስጥ በደንብ አላደገም። የእናት ምግብ ማነስ፣ ወባ፣ የደም ማነስ፣ የደም ግፊትና ሲጋራ እዚህ ውስጥ እጃቸው አለበት።

ታዲያ ይህ ልጁ ሲያድግ ከሚመጣበት ውፍረት ጋር ምን አገናኘው? ኔዘርላንድስ በ1944 እና 1945 (እ.ኤ.አ.) ክረምት በጦርነቱ ምክንያት ክፉ ረሃብ ገባባት። ያኔ ማህፀን ውስጥ የነበሩ ወንዶች በ19 ዓመታቸው ለውትድርና ሲመረመሩ የሚገርም ነገር ታየ። እናታቸው በእርግዝናዋ የመጀመሪያ ግማሽ የተራበችባቸው ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ ከልክ በላይ ወፍረዋል። ረሃቡ በመጨረሻዎቹ ወራት የደረሰባቸው ደግሞ በተቃራኒው ቀጠን ብለዋል። በኋላ እንግሊዛዊው ሐኪም ዴቪድ ባርከር አዋላጆች ከ1911 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያስቀመጡትን መዝገብ አገላብጦ፣ ትንሽ ሆነው የተወለዱ ሰዎች በጉልምስናቸው ለልብ ሕመም ይበልጥ እንደሚጋለጡ አሳየ። ከዚያው መዝገብ የተገኙ አዛውንቶች እጃቸው ሲጨብጥ ያለው ጉልበት ሲለካም፣ ትንሽ የተወለዱት ደከም ብለው ተገኝተዋል።

ምክንያቱ ይህን ይመስላል። ምግብ ያጠረው ጽንስ ለአንጎሉ ያደላል። ጡንቻው፣ ኩላሊቱና ቆሽቱ የተረፈውን ይካፈላሉ። የጡንቻ ክሮች ብዛት ደግሞ በአብዛኛው ከመወለድ በፊት ይወሰናል። ጡንቻው ያነሰ ልጅ በኋላ ምግብ ሲትረፈረፍለት ትርፉ ወደ ስብ ያደላል።

በሌላው ጫፍ የእርግዝና ስኳር አለ። የእናት ስኳር በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ ያልፋል፤ ስኳርን የሚቆጣጠረው ኢንሱሊኗ ግን አያልፍም። ጽንሱ የራሱን ኢንሱሊን አብዝቶ ያመርትና ስብ ያከማቻል። ስለዚህ አራት ኪሎ ተኩል ሁልጊዜ እልል የሚያስብል አይደለም። የእርግዝና ስኳር ምርመራ የሚደረገው ብዙውን ጊዜ ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ነው።

ሉካንዳ ቤት አንድ ኪሎ ጮማና አንድ ኪሎ ቀይ ሥጋ ሚዛን ላይ እኩል ናቸው። ሕፃንም እንደዚያው ነው። ጅማ ውስጥ ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አራሶችን ስባቸውን ከቀሪው አካል ለይቶ በሚለካ መሣሪያ የመዘኑ ተመራማሪዎች፣ ስብ ያልሆነው አካላቸው የበለጠ ሆነው የተወለዱት በሁለት ዓመታቸው ቁመታቸውም የተሻለ መሆኑን አይተዋል።

እኛ ሰፈር የሚያናድደኝ ምክር «ብዙ አትብዪ፣ ልጁ ይገዝፍና ምጥ ይከብድሻል» የሚለው ነው። ወተትና አቦካዶም «የልጁ ጭንቅላት ላይ ይለጠፋል» ተብሎ ይከለከላል። አራስ ላይ የሚታየው ነጭ ነገር የጽንሱን ቆዳ የሚጠብቅ የተፈጥሮ ቅባት ነው፤ አቦካዶ አይደለም። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አሞራ ገደል ላይ ዓሣው፣ ገበያው ላይ የሲዳማ አቦካዶ ሞልቶ ነፍሰ ጡር ደረቅ ቂጣ ስትበላ ማየት ያሳዝናል።

በኦፕራሲዮን የተወለደ ይወፍራል የሚሉም አሉ። ግንኙነቱ በጥናቶች ይታያል። ግን ክብደታቸው የጨመረ እናቶች በኦፕራሲዮን የመውለድ ዕድላቸውም ሰፊ ስለሆነ፣ ጥፋቱን ሁሉ በኦፕራሲዮኑ ላይ ለመለጠፍ አልደፍርም።

ከወሊድ በኋላ ያለው ፍጥነትም ወሳኝ ነው። ቀኑን ጠብቆ ትንሽ የተወለደን ልጅ «ቶሎ ይወፍር» ብሎ በጡጦና በስኳር ማጨናነቅ ለኋላ ውፍረት ያጋልጠዋል። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። ቀኑ ሳይደርስ የተወለደው ግን ሌላ ክትትል ስላለው አመጋገቡን ሐኪሙ ይወስናል። ልጁ ከፍ ሲል መሮጥና መዝለል ይጠቅመዋል፤ የጡንቻ ክሮቹ ብዛት ባይጨምርም እያንዳንዱ ክር ሊወፍርና ሊጠነክር ይችላል።