«ጧሪ አላት» ስንል ማንን ነው? ስለ አረጋውያን በስህተት የምንላቸው ነገሮች

«ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ተብለን ስንመረቅ አሜን እንላለን። ሁለቱ ቃላት ተያይዘው ስለሚነገሩ አንድ ስራ ይመስላሉ፣ ግን አይደሉም። መቅበሩ ላይ ጎበዞች ነን፣ እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ከዱባይም ከሀዋሳም ይደረሳል። መጦሩ ግን የየቀኑ ስራ ስለሆነ ድንኳን የሚተክልለት የለም። እናቴ 81 ዓመቷ ነው፣ ደብረ ብርሃን ከእህቴ ጋ ነው የምትኖረው፣ እና ከዚህ በታች በጥቅስ ካሉት አባባሎች አብዛኞቹ እኔ ራሴ ስላቸው የኖርኳቸው ናቸው።

«ወላጁን የሚጥለው ፈረንጅ ነው፣ እኛ ጋ አረጋዊ ይከበራል»

መከበሩስ ይከበራል። ታክሲ ላይ ጋቢናውን እንለቃለን፣ ሲገቡ ብድግ እንላለን፣ ጉልበት እንስማለን። ግን ብድግ ማለትና ገላ ማጠብ አንድ አይደለም። ቢኒያም በለጠ የመሠረተው መቄዶንያ የመርጃ ማዕከል ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ አረጋውያንና የአእምሮ ህሙማን አሉ፣ ብዙዎቹ ከመንገድ ዳር የተነሱ፣ እነሱም ይሄው አክባሪ ነን የምንለው ሰፈር ውስጥ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ፈረንጅም ቢሆን ሁሉም እናቱን ማዕከል አያስገባም፣ አብዛኛው አረጋዊ እዛም በገዛ ቤቱ ነው የሚኖረው።

«እርጅና ነው፣ ሐኪም ምን ያደርግላታል?»

ይሄን ያልኩት እኔ ነኝ። እናቴ ቡና ስትቀዳ ሲኒው ሞልቶ ረከቦቱ ላይ ይፈስ ጀመር። ከዛ ደሞ ጣቷን ሲኒው ጫፍ ላይ አድርጋ ሙቀቱ ሲነካት ማቆም ለመደች፣ እኛ «አይ እማዬ ዘዴኛ!» እያልን ስንስቅ ሁለት ዓመት ሄደ። የዓይን ሞራ ነበር። በ1998 ዓ.ም አካባቢ በተሰራው ሀገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ ምክንያቱ ይሄው ሞራ ነው፣ ማለትም በቀዶ ጥገና የሚነሳ ነገር። ጎረቤት «እስኪበስል ጠብቁ» ይላል፣ እሱ የድሮ ቀዶ ጥገና ጊዜ ምክር ነው፣ አሁን ከውሎዋ ካስተጓጎላት መሰራት ይቻላል፣ በጣም ከቆየ እንደውም ስራውን ያከብደዋል። ጠብታም አያሟሟውም። ስራው ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይሞላም፣ የሚደነዝዘው ዓይኑ አካባቢ ብቻ ነው፣ የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ ሰው ሰራሽ ሌንስ ይገባል። የዓይኗ መሸፈኛ በተነሳ ማግስት እማዬ ነጠላዋን ወደ መስኮቱ ይዛ ሄደች፣ አገላብጣ አየችውና «ይሄን ለብሼ ነው ኪዳን የማስቀድሰው?» ብላ እህቴ ላይ ጮኸችባት። እህቴ በየሳምንቱ አጥበው ነበር ብላ ማለች፣ እስከዛሬ አላመነቻትም።

ግፊትም እንደዛው። «ራሴን ካላመመኝ ኪኒኑን ለምን እውጣለሁ» ይላሉ፣ ግፊት ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም ስሜት የለውም፣ ስሜቱ የሚመጣው አንዳንዴ ስትሮኩ ሲመጣ ነው። ስኳር ያለባቸው ደሞ ኪኒኑን ወይ ኢንሱሊኑን ወስደው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲፆሙ ስኳራቸው ወርዶ ይወድቃሉ። የንስሐ አባት ሲጠየቁ ለታመመ ይፈቅዳሉ፣ በእስልምናም መፆም ለማይችል አረጋዊና በሽተኛ ፍቃድ አለው፣ ችግሩ እነሱ አይጠይቁም፣ እኛም አንጠይቅላቸውም።

«ጃጅቷል፣ ተወው»

መርሳት የእርጅና ወግ አይደለም። ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ መርሳት አንድ ነገር ነው፣ አርባ ዓመት የተኖረበት ሰፈር ውስጥ መንገድ መጥፋት ግን በሽታ ነው፣ ዲሜንሺያ ይባላል፣ ከዓይነቶቹ ዋናው አልዛይመር ነው። ከሱ የበለጠ መታወቅ ያለበት ግን ድንገተኛው ነው። ትናንት ደህና የነበረ ሽማግሌ ዛሬ ቢቀባዥር፣ ሌሊት ሌሊት ሰው ቢያይ፣ ልጁን ባይለይ፣ ይሄ ጃጀ ተብሎ አይተውም። የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የሰውነት ውሃ ማነስ፣ የስኳር መውረድ፣ አንዳንዴም አዲስ የተጀመረ ኪኒን ያደርገዋል፣ በሽማግሌ ላይ ደሞ ኢንፌክሽን ያለ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል። የሰፈራችን አንድ ጋሼ እንዲህ ሆነው «ለክፏቸዋል» ተባለ፣ ጠበል ቦታ አራት ቀን ቆዩ፣ በአምስተኛው ቀን ሆስፒታል ሲገቡ የሽንት ኢንፌክሽን ተገኘ፣ መድኃኒቱ በተጀመረ በሁለተኛው ቀን የልጅ ልጆቻቸውን በስም ጠሩ። ጠበሉን ማንም አልከለከለም፣ ግን ሐኪም ጋ በዛው ቀን።

«ወደቀች፣ ወጌሻ ይይላት»

ባጭሩ፦ የወደቀች አሮጊት መቆም ካቃታትና አንዱ እግሯ አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ ዳሌዋ አካባቢ ተሰብሯል ብላችሁ ጠርጥሩ። አትሹት፣ አትጎትቱት፣ ወደ ሆስፒታል ውሰዷት፣ ምክንያቱም በአልጋ ላይ የሚቆይ ሽማግሌ የሚሞተው ብዙ ጊዜ ከስብራቱ ሳይሆን በመተኛት ከሚመጣው የሳንባ ምችና የደም መርጋት ነው።

«ጡረታ አላት እኮ»

ማን ነው ጡረታ ያለው? ቃሉ ራሱ «ጦረ» ከሚለው ነው የመጣው ግን የሚጦረው ደሞዝ የነበረውን ብቻ ነው። የግል ድርጅት ሰራተኛ እንኳ በአዋጅ የገባበት በ2003 ዓ.ም ነው፣ አሁን ሰራተኛው 7 አሰሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፣ እና በ60 ዓመት ለወርሃዊ ክፍያ ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ይጠይቃል። ገበሬው፣ ጉሊት ስትቸረችር የኖረችው፣ ሰው ቤት እንጀራ ስትጋግር ያረጀችው የሉበትም። ብዙ ሰው የማያውቀው ደሞ፣ ባለጡረታው ሲሞት ሚስት ወይ ባል ከጡረታው 50 በመቶ ያገኛሉ፣ ስለዚህ እናታችሁ ባሏ ተቀጣሪ ከነበረ ሄዳችሁ ጠይቁላት።

«ወላጅ መርዳት ፅድቅ እንጂ ግዴታ አይደለም»

ግዴታ ነው። በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቀለብ የመስጠት ግዴታ በወላጅና በልጅ መሀል፣ በእህትና ወንድምም መሀል አለ ይላል፣ ሰርቶ መብላት ያቃተው ችግረኛ ወላጅ ልጁን ፍርድ ቤት ማቆም ይችላል። አያደርጉትም፣ «ልጄን ከሰስኩ» ከማለት መራብን ይመርጣሉ።

«አሜሪካ እናምጣት፣ እዛ ህክምናው ነፃ ነው»

ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ ሀሳብ ነበር። ግሪን ካርድ ይዛ ብትገባ 65 ዓመት ስላለፋት ብቻ ሜዲኬር፣ ማለትም የመንግሥቱ የአረጋውያን ጤና መድን፣ አይሰጣትም፣ የራሷ ወይ የባሏ የስራ ታሪክ እዛ ስለሌለ አምስት ዓመት በተከታታይ መኖር አለባት፣ ከዛም ከፍላ ነው። እሱና ሚስቱ ደሞ ደብል ሺፍት ነው የሚሰሩት፣ እማዬ ቀኑን ሙሉ ለማን ቡና ታፈላለች? ወንድሜ የሚሰራው ናርሲንግ ሆም (የአረጋውያን ማዕከል) ውስጥ የሰው እናቶችን እያገላበጠ መሆኑን ሲያስበው ራሱ ሳቀ፣ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

«እህትህ አለች አይደል?»

ይሄ ከሁሉም ይብሳል፣ ምክንያቱም እውነት ይመስላል። እኛ አራት ልጆች ነን፣ ብር እንልካለን፣ በበዓል ዶሮ ይዘን እንሄዳለን፣ እማዬም ለጎረቤት «ልጆቼ ይጦሩኛል» ትላለች። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሽንት ቤት የምትወስዳት ግን አንዷ ናት፣ ስራዋን ከተወች ስድስት ዓመቷ ነው፣ ማንም ትተሽ ነይ አላላትም፣ ማንም ደሞ ተመለሺ አላላትም። ባለፈው ፋሲካ እንቁላል እየላጠች ቀና ሳትል «በወር አንድ ቅዳሜ ስጡኝ» አለች።

አሁን በወር አንድ ቅዳሜ እኔ እሄዳለሁ። ገላዋን በኔ መታጠብ እማዬ አፈረች፣ ለሱ ጎረቤት ያለች ልጅ ከፍለን ትመጣለች፣ ኪኒኑን መስጠት፣ ምሳና ቡና የኔ ነው። የመጀመሪያው ቅዳሜ ማታ እህቴን የት ዋልሽ አልኳት። ጓደኛዋ ቤት ሄዳ እስከ አስር ሰዓት ተኝታ ነው የዋለችው።