የባህላዊ ሙዚቃና ውዝዋዜ አጥኚዎች ዓለም አቀፍ ምክር ቤት፣ ከሐዋሳ ሲታይ

ዓለም አቀፍ የባህላዊ ሙዚቃና ውዝዋዜ ምክር ቤት የሕዝቦችን ዜማ፣ የሙዚቃ መሣሪያና ውዝዋዜ የሚያጠኑ ሰዎች ያቋቋሙት የምሁራን ማኅበር ነው። የተመሠረተው በ1940 ዓ.ም. መግቢያ፣ ማለትም በመስከረም 1947 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ምክር ቤቱ የየትኛውም መንግሥት አካል አይደለም። በየሁለት ዓመቱ ግድም ዓለም አቀፍ ጉባኤ ይጠራል፣ የጥናት መጽሔት ያሳትማል፣ አባላቱም በየሙያቸው በጥናት ቡድን ተከፋፍለው በየአህጉሩ ይሠራሉ።

ሐዋሳ ከዚህ ማኅበር ጋር ምን አገናኛት የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። የሚያገናኛት አንድ ትልቅ ጥያቄ ነው፤ ዜማንና ውዝዋዜን ነጣጥሎ ማጥናት ይቻላል ወይ የሚለው። በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፊቼ ጨምበላላ ዕለት፣ በበዓሉ ሜዳ በጉዱማሌ የተገኘ ሰው መልሱን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። ቄጣላ የተባለውን የሰልፍ ጭፈራ የሚጨፍሩት አባቶችና ወጣቶች ዜማውን የሚጠብቁት በእግራቸው ምት ነው፤ እርምጃው ሲቆም ዜማውም ይቆማል። የአውሮፓ ሊቃውንት ግን ዜማውን ለሙዚቃ አዋቂ፣ ውዝዋዜውን ለሌላ ሙያተኛ አከፋፍለው ነው የጀመሩት። ምክር ቤቱ ውዝዋዜን በስሙ ውስጥ እስኪያስገባ ድረስ 76 ዓመት ፈጅቶበታል። ታሪኩ ለእኛ የሚጠቅመንም በዚህ ምክንያት ነው።

የመሥራቾቹ ዘመን

ምክር ቤቱን በማቋቋም ቀዳሚውን ድርሻ የሚወስዱት እንግሊዛዊቷ ሞድ ካርፔለስ ናቸው። ካርፔለስ ራሳቸው ውዝዋዜ የሚያውቁ ሴት ነበሩ። ከ1916 እስከ 1918 ባለው ጊዜ ከመምህራቸው ከሴሲል ሻርፕ ጋር በአሜሪካ የአፓላሽያን ተራሮች እየተዘዋወሩ የገበሬውን ዘፈን ሲሰበስቡ ሻርፕ ዜማውን፣ እርሳቸው ደግሞ ግጥሙን ይጽፉ ነበር። በ1929 እና በ1930ም ወደ ኒውፋውንድላንድ ዘልቀው ተመሳሳይ ሥራ ሠርተዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ አውሮፓ ገና ፍርስራሹን እየጠረገ ሳለ፣ እርስ በርስ ሲታኮሱ የነበሩ አገሮችን ሰዎች በዘፈንና በውዝዋዜ ጉዳይ አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ቀላል ድፍረት አልነበረም። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ዝነኛው የሙዚቃ ደራሲ ራልፍ ቮን ዊሊያምስ ሲሆኑ፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1958 ድረስ በኃላፊነቱ ቆይተዋል። ካርፔለስ ደግሞ በጸሐፊነት የማኅበሩን ዕለታዊ ሥራ ተሸክመው አቆሙት። በእኔ እምነት ማኅበሩ በሕይወት የቆየው ከፕሬዚዳንቶቹ ዝና ይልቅ በእኚህ ሴት ደብዳቤና ትጋት ነው።

ቮን ዊሊያምስን የኢንዶኔዥያን ሙዚቃ ያጠኑት ሆላንዳዊው ያፕ ኩንስት ተኩ። ከ1961 እስከ 1967 ደግሞ ሃንጋሪያዊው ዞልታን ኮዳይ መሩት። የኮዳይ ዘመን ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘን ስለሆነ በኋላ እመለስበታለሁ።

የሳኦ ፓውሎው ብያኔ

በ1954 ሳኦ ፓውሎ ላይ በተደረገው ጉባኤ ምክር ቤቱ የሕዝብ ሙዚቃን ምንነት በይኖ አሳወቀ። ብያኔው እስከ ዛሬ በየመማሪያ ክፍሉ ይጠቀሳል። የሕዝብ ሙዚቃ ከአፍ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ የኖረ ሙዚቃ ነው ይላል፤ የሚያቆሙትም ሦስት ነገሮች ናቸው። የዛሬውን ከትናንቱ የሚያያይዝ ቀጣይነት አንዱ ነው። ከግለሰብ ወይም ከቡድን ፈጠራ የሚመጣ ልዩነት ሁለተኛው ነው። የትኛው መልክ እንደሚቀርና የትኛው እንደሚረሳ የሚወስን የማኅበረሰብ ምርጫ ሦስተኛው ነው።

ይህን ብያኔ ቄጣላ ላይ ብናኖረው ቀጣይነቱም ልዩነቱም በደንብ ይታያል። ዜማ አውራጁ ያወጣል፣ ተሰላፊው ይቀበላል። ስልቱ ከአባቶች የመጣ ነው፤ ግጥሙ ግን ስለ ዘንድሮ ጉዳይ፣ ስለ ዘንድሮ ምኞትና ቅሬታ ይናገራል። የማይጥም ግጥም ያወረደ ሰው ከሰልፉ የሚያገኘው ተቀባይ ደካማ ነው፤ የጠነከረውን ስንኝ ግን ሌላው ሰልፍም ይዞት ይሄዳል። ምርጫ የተባለው እንግዲህ ይህ ነው፤ የሚፈጸመውም እዚያው ሜዳው ላይ፣ በሰልፈኛው ጉሮሮ ነው። እስከዚህ ድረስ ብያኔው ይሠራል።

የሚያንሰው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ተዘጋጅቶ የመጣና ሕዝቡ ሳይለውጠው የተቀበለው ዘፈን ከሕዝብ ሙዚቃ ወሰን ውጭ እንዲሆን ያደርጋል። ዛሬ በሐዋሳ ሰርግ ላይ የሲዳምኛ፣ የወላይትኛና የጉራጊኛ ዘፈን በኪቦርድ ታጅቦ ይሰማል፤ ከአልበም የተወሰደው ዘፈን መንደር ሲገባ ሌላ ግጥም ይለብሳል፣ ሌላ እርምጃ ይጨመርበታል። አጥኚ ይህን «የተበረዘ» ብሎ ቢያልፈው ሕያው የሆነውን ነገር አለፈ ማለት ነው። ምክር ቤቱም ቀስ በቀስ ይህንኑ ተረድቷል። ሲመሠረት ዓለም አቀፍ የሕዝብ ሙዚቃ ምክር ቤት ይባል ነበር። በ1981 ሴኡል ላይ ዓለም አቀፍ የባህላዊ ሙዚቃ ምክር ቤት ሆነ፤ በዚህም የቤተ መንግሥት፣ የቤተ እምነትና የከተማ ሙዚቃ ሁሉ በግልጽ በጥናቱ ተጠቃለለ። በ2023 ደግሞ ውዝዋዜ ተጨመረበት።

የሃንጋሪዎቹ ጉዞ ወደ ኢትዮጵያ

ውዝዋዜ በስሙ ባይኖርም በምክር ቤቱ ሥራ ውስጥ ግን ቀደም ብሎ ገብቷል። በ1962 የውዝዋዜ አጥኚዎች ቡድን ተቋቋመ። አብዛኞቹ ከምሥራቅና ከመካከለኛው አውሮፓ የመጡ ነበሩ። ያሰቡት ሥራ አድካሚ ነበር፤ ውዝዋዜን እንደ ቋንቋ ሰዋስው መተንተን። ትንሿን የእንቅስቃሴ ቅንጣት ፈልጎ ማግኘት፣ ቅንጣቶቹ እንዴት ሐረግ እንደሚሠሩ፣ ሐረጎቹም እንዴት ሙሉ ጭፈራ እንደሚሆኑ ማሳየት። ለጽሑፉ ሩዶልፍ ላባን በ1928 ያወጣውን የእንቅስቃሴ መጻፊያ ምልክት ተጠቀሙ።

ከእነዚህ ሰዎች መካከል ግንባር ቀደሙ ሃንጋሪያዊው ጆርጅ ማርቲን ነበር። በ1965፣ የአገሩ ሰው ኮዳይ ምክር ቤቱን በሚመሩበት ጊዜ፣ ከሙዚቃ አጥኚው ከባሊንት ሻሮሺ ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ሁለቱ ተጋግዘው ሠሩ፤ ሻሮሺ ለዜማው፣ ማርቲን ለውዝዋዜው። በ1967 በምክር ቤቱ መጽሔት ላይ ማርቲን ስለ ኢትዮጵያ የውዝዋዜ ዓይነቶች ጥናት አሳተመ፤ ሻሮሺም በዚያው ዓመት ስለ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ሙዚቃ ጻፈ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ሌላው ሃንጋሪያዊ ቲቦር ቫዳሺ ስለ ኢትዮጵያ ውዝዋዜ ተከታታይ ጽሑፎችን በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ አወጣ።

ይህ ሥራ ለምን አስፈላጊ ሆነ ቢባል፣ የኢትዮጵያ ውዝዋዜ የአውሮፓን ገጠር ጭፈራ ሲመዘግብ ዓይኑን እግር ላይ ያስለመደን አጥኚ ይፈትነዋልና ነው። እስክስታ እግሩን አስቀምጦ ትከሻውን፣ አንገቱንና ደረቱን ያናግራል። ወደ ደቡብ ሲመጣ ደግሞ ወላይታው በወገቡ ይናገራል፣ ጉራጌው በእግርና በእጅ ፍጥነት ያስደምማል፣ ሲዳማው በሰልፍ ተያይዞ ይረግጣል። አንዱን አገር በአንድ የእንቅስቃሴ ሕግ መግለጽ እንደማይቻል ለማሳየት ከደቡባችን የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። ሐዋሳ ደግሞ እነዚህ ሁሉ በአንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም በአንድ ሰርግ የሚገናኙባት ከተማ ናት። አንድ ወጣት በአንድ ምሽት ከትከሻ ወደ ወገብ፣ ከወገብ ወደ እግር ሲሸጋገር ማየት እዚህ ብርቅ አይደለም፤ ለውዝዋዜ አጥኚ ግን ይህ ሽግግር ራሱን የቻለ የምርምር ርዕስ ነው።

ቀዝቃዛው ጦርነት፣ አፍሪካም

ምክር ቤቱ ከሌሎች ተመሳሳይ ማኅበራት የሚለየው አንድ ጠባይ አለው። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን የምሥራቁንም የምዕራቡንም ምሁር አንድ ጉባኤ ላይ ማገናኘት ችሏል። በ1964 ቡዳፔስት፣ በ1987 ምሥራቅ በርሊን ላይ ተሰብስቧል። በአሜሪካ በ1955 የተቋቋመው የኢትኖሙዚኮሎጂ (የሕዝቦች ሙዚቃ ጥናት) ማኅበር ከፍ ያለ የንድፈ ሐሳብ ጉልበት ቢኖረውም ይህን የመገናኛ ድልድይነት አልያዘም።

በአፍሪካ ምድር የተካሄዱት ዓለም አቀፍ ጉባኤዎቹ ሦስት ናቸው፤ በ1966 ሌጎን ጋና፣ በ2009 ደርባን ደቡብ አፍሪካ፣ በ2023 እንደገና ሌጎን። የ1966ቱ የተደረገው የጋናው ታላቅ ምሁር ክዋቤና ንኬቲያ የአፍሪካ ጥናት ተቋሙን በሚመሩበት ጊዜ ነው። ንኬቲያ አፍሪካዊው የራሱን ሙዚቃ ራሱ ሲያጠናው ምን ያህል እንደሚያበራው በተግባር ያሳዩ ሰው ናቸው። ከ75 ዓመት በላይ በሆነ ታሪክ ውስጥ ሦስት ጉባኤ ለዚህ አህጉር ጥቂት ነው፤ ይህን መናገር ተገቢ ነው።

የኢትዮጵያ ጥናት የት ደረሰ

በአገራችን በዚህ ሙያ ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው አሸናፊ ከበደ ናቸው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር ነበሩ፤ በ1971 በአሜሪካ ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያዙ፤ ስለ ክራር የጻፉት ጥናት ዛሬም ይጠቀሳል። ከውጭ ምሁራን መካከል ኬይ ካውፍማን ሼለመይ የቤተ እስራኤልን ሥርዓተ ጸሎት ዜማና የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን ዝማሬ፣ ሲንቲያ ኪምበርሊን መሲንቆንና ቅኝቶቻችንን በጥልቀት አጥንተዋል። ግብፃዊው ሐሊም ኤል ዳብ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያን ባህላዊ መሣሪያዎች በአንድ መድረክ ያሰባሰበውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሥርቷል።

የታተመው ሥራ ሚዛን ግን ወደ ሰሜኑ ያደላ ነው። ቅዱስ ያሬድን፣ በገናን፣ አዝማሪን የሚመለከት ጽሑፍ በብዛት አለ። ከደቡቡ ጎልቶ የወጣው ፈረንሳዊው በርናር ሎርታ ዣኮብ በ1970ዎቹ የቀረጸው የዶርዜ ባለ ብዙ ድምፅ ዘፈን ነው፤ በርካታ ድምፆች እየተጠላለፉ የሚሄዱበት ይህ አዘፋፈን በዓለም የድምፅ ክምችት ውስጥ ስፍራ አግኝቷል። የደራሼ ፊላ፣ እያንዳንዱ ነፊ የድርሻውን ድምፅ እያወጣ ብዙዎች አንድ ዜማ የሚያቆሙበት ጨዋታ፣ የዚያኑ ያህል ትኩረት ይገባዋል።

ፊቼ ጨምበላላና የቅርስ መዝገብ

ምክር ቤቱ ከዩኔስኮ ጋር የቆየ ግንኙነት አለው። ከ2001 እስከ 2005 ዩኔስኮ የቃልና የማይዳሰሱ ቅርሶችን ድንቅ ሥራዎች ሲያውጅ የሙዚቃና የውዝዋዜ እጩዎችን የመረመረው ይኸው ማኅበር ነው። ያ መርሐ ግብር ለ2003ቱ የማይዳሰሱ ቅርሶች ስምምነት መንገድ ጠረገ። በዚሁ ስምምነት መሠረት በ2015 የሲዳማ የዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

የበዓሉ ቀን በቁጥር ብቻ አይወሰንም። አያንቱዎች የተባሉ የሰማይ አዋቂዎች የከዋክብትን አካሄድ ተመልክተው ይናገራሉ፣ የጎሳ መሪዎችም ለሕዝቡ ያውጃሉ። በትውፊቱ ፊቼ የተባለች ሴት ካገባች በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ወላጆቿን ለመጠየቅ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራ ቡርሳሜ ይዛ ትመጣ ነበር፤ ጎረቤትም ይካፈለው ነበር። ዛሬም ልጆች ቤት ለቤት እየዞሩ ሰላምታ ሲያቀርቡ ቡርሳሜ ይቀርብላቸዋል። ሽማግሌዎች ስለ ሥራ፣ ታላቅን ስለ ማክበር፣ አገር በቀል ዛፍን ስላለመቁረጥ ይመክራሉ። ከዚያ በየአቅጣጫው የመጣው ሰልፍ ወደ ጉዱማሌ ይፈስሳል።

እዚህ ላይ አጥኚው የሚያገኘው ሰፊ ሥራ ነው። በበዓሉ ቀን ካሜራ የማይዝ የለም፤ በየስልኩ የሚቀረጸው ግን ፊትና ልብስ ነው። ለጥናት የሚሆን ቀረጻ ከራስ እስከ እግር ሙሉ ሰውነትን ማሳየት፣ ዜማ አውራጁንም ተቀባዩንም ለይቶ ማሰማት፣ ጭፈራውን ከመነሻው እስከ መጨረሻው ሳይቆርጥ መያዝ አለበት። አውራጁ ማን እንደሆነ፣ ከየት አካባቢ እንደመጣ፣ ግጥሙን ከማን እንደተማረ፣ የትኛውን ስንኝ በዚያው ዕለት እንደፈጠረ መጻፍ ይኖርበታል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ፈቃድ መጠየቅ አለ፤ ባለቤቱ የማይታወቅ ቀረጻ ነገ ማስታወቂያ ላይ ሲውል የሚጎዳው ዘፋኙ ነው።

ሐዋሳ ለዚህ የሚሆን መሠረት አላት። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥሩ በ1976 ከተቋቋመው የእርሻ ኮሌጅ ይጀምራል፤ በ2000 ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ተዋቅሮ በኋላ የአሁኑን ስም ያዘ። ከ2020 ጀምሮ ከተማዋ የሲዳማ ክልል መቀመጫም ናት። ቋንቋውን ከእናቱ የሰማ ተማሪ ከውጭ የሚመጣ አጥኚ በአስተርጓሚ ለዓመታት የሚደክምበትን የግጥም ቅኔ በአንድ ጊዜ ይረዳል። ወደ ምክር ቤቱ መግባትም ለተቋማት ብቻ የተተወ አይደለም፤ አንድ ተማሪ በግሉ አባል ሆኖ የመረጠውን የጥናት ቡድን መቀላቀል ይችላል። ከቡድኖቹ መካከል የውዝዋዜ፣ የሙዚቃ መሣሪያዎች፣ የአናሳ ማኅበረሰቦች ሙዚቃና የአፍሪካ ሙዚቃ የሚያጠኑት ለደቡብ ኢትዮጵያ ጥናት በቀጥታ የሚመቹ ናቸው።

የምክር ቤቱ አባላት ባለፉት አሥርተ ዓመታት አጥብቀው ከተከራከሩባቸው ጉዳዮች አንዱ በየአገሩ ተቀርጾ አውሮፓና አሜሪካ የተቀመጠው ድምፅ ለባለቤቶቹ የሚመለስበት መንገድ ነው። በሐዋሳና በዙሪያዋ አዲስ የሚደረግ ቀረጻ ግን ይህን ክርክር ከመነሻው ሊያስቀር ይችላል። አንዱ ቅጂ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱ በክልሉ ባህል ቢሮ፣ አንዱ ደግሞ በተራ ስልክ ሊከፈት በሚችል መልኩ ለዘፈኑት ሰዎች ቤተሰብና ለጎሳው ሽማግሌዎች መሰጠት ይኖርበታል፤ ይህም ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ የሚገባ ውል ቢሆን ይመረጣል።